ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃንና የመተንፈሻ መሣሪያ፤ ስለ ነርሶች ሥልጠና

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው መተንፈስ የሚያቅታቸውን ሕፃናት በመሣሪያ የሚረዱ ነርሶች ምን መማር እንደሚገባቸው ለመግለጽ ነው። ጸሐፊው የአገና ልጅ ስለ ሆነ ነገሩን ከጉራጌ አገር ይጀምራል።

በወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። በ1976 ወሊዳቸው የሚያሠጋ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቈዩበትን ማረፊያ ከፈተ። ከ1987 እስከ 2008 በተያዘው መዝገብ፣ በማረፊያው ከቈዩት እናቶች ከ1,000 ልደት 18 ያህል ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ያህል ነበሩ። (በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።) ይሁን እንጂ ሕፃኑ በሕይወት ከተወለደ በኋላ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ሳንባው ሰርፋክታንት የሚባለው ቅባት መሰል ነገር ይጐድለዋል። ይህንም አቬሪና ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 አስረዱ። ቅባቱ ሲጐድል ጥቃቅኑ የአየር ከረጢቶች በየትንፋሹ ይጣበቃሉ፤ ሕፃኑም መልሶ ለመክፈት ሲታገል ይደክማል። በጐንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2019 በታተመ ጥናት፣ የሞታቸው ምክንያት ከተመረመረ 1,109 ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት መካከል 45 ከመቶው የሞቱት በዚሁ ሕመም ነው።

ባብል ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ኦክስጅን በአፍንጫ ይገባል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ግን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ የ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል፤ ከረጢቶቹም ሳይጣበቁ ይቈያሉ።

እንግዲህ ሥራው የነርሷ ነው። ውሃው አረፋ ካላወጣ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለና ከጠርሙሱ እስከ አፍንጫው ድረስ ትፈልጋለች። ከቱቦው የሚንጠባጠብ ውሃ ጠርሙሱን ስለሚሞላ ጥልቀቱን ደጋግማ ትለካለች። የአፍንጫው አጥር እንዳይቈስል ታያለች፤ ሆድ በአየር እንዳይነፋ ቀጭን ቱቦ በአፍ ታስገባለች። ሲልቨርማንና አንደርሰን በ1956 ባወጡት መለኪያ የደረቱን መሰርጐድ፣ የአፍንጫውን መንፋትና ማቃሰቱን ከ0 እስከ 10 ትመዝናለች። ኦክስጅን ሲያንስ ይገድላል፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ90 እስከ 95 ከመቶ እንዲሆን ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ በጥቂት ቀን ትምህርትና በአሻንጉሊት ላይ ልምምድ ብቻ አይጠናም። በእኔ አስተያየት ነርሷ ከለመደች እጅ አጠገብ ሌሊቱን ጭምር ልትሠራ ይገባል። የተማረችውንም ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ሥልጠናውን መጣል ነው፤ መሣሪያ በመጋዘን ይቀመጣል፣ እጅ ግን ሲቈይ ይረሳል።

መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን ከአየር የሚለየው ሞተር ይቆማል፤ ሕፃኑም በቶሎ ወደ ሲሊንደር መዛወር አለበት። በጨለማ የሲሊንደሩ መክፈቻ የት እንደ ተሰቀለ ማወቅም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።