«ጠመጠመ» እና «ጠቀለለ»፦ የአሮጌ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ስያሜና አሠራር

የሙያ ቃል ሲሳሳት ዕቃ ያቃጥላል፤ አልፎ አልፎም ሰው ይጎዳል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን፣ በኖፓ፣ በመቱና በጎሬ እንደሌሎቹም የአገራችን ከተሞች ከአባት ለልጅ የተላለፈው ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ነው። የዚህ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ምትኩን ከገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ያለው ምርጫ ከሌላ አሮጌ ሬዲዮ ተመሳሳዩን መፈለግ ወይም እንደገና ማስጠቅለል ነው። የሬዲዮው መግለጫ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በጣሊያንኛ ሲሆን፣ ጠቃላዩ ሥራውን የሚነጋገረው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተርጓሚው ነው።

አስቀድሞ የሬዲዮውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በመቱ አካባቢ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሶር የውኃ ኃይል ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መብራት ባልደረሰበት ስፍራ የነበረው ባለ ቫልቭ ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለነበር ይህ ትራንስፎርመር የለውም። ስለዚህ «የድንጋይ ሬዲዮ» እና «የመብራት ሬዲዮ» የሚለው የሕዝብ አጠራር ቀላል ቢመስልም ትክክለኛ የሙያ ልዩነት የያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «የመብራት ትራንስፎርመር» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። በዘወትር አማርኛ «ትራንስፎርመር ፈነዳ» ሲባል ሰሚው የሚያስበው በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ነው። በሬዲዮው ውስጥ ያለውን «መጋቢ ትራንስፎርመር» ብንለው፣ መገበ የሚለው ግስ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ማደሉን ስለሚገልጽ ሥራውን በትክክል ያሳያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሽቦው ነው። መጻሕፍት «ጥምጥም» ማለትን ይመርጣሉ፤ ሠራተኛው ግን «ጥቅለላ» ይላል፤ የሞተርና የዲናሞ ጥቅለላ የሚሉት ማስታወቂያዎችም ይህን ይመሰክራሉ። በአፋን ኦሮሞ «መሩ» የሚለው ግስ ሁለቱንም አሳብ ይይዛል። በአማርኛ ሁለቱን ቃላት ማጋጨት አያስፈልግም፤ ሥራውን «ጥቅለላ»፣ ከሥራው የሚገኘውን ክፍል «ጥምጥም»፣ ሽቦው በእምብርቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ መዞሩን ደግሞ «ዙር» ብንል እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ ይኖረዋል። ከመብራት መሥመር ጋር የሚገናኘው «ቀዳሚ ጥምጥም»፣ ለሬዲዮው የሚሰጡት «ተከታይ ጥምጥሞች» ይባላሉ።

ከሁሉ የሚከፋው «ኮረንቲ» የሚለው ቃል ነው። ከጣሊያንኛ የገባው ይህ ቃል በእኛ ዘንድ መብራቱንም፣ ቮልቱንም፣ አምፔሩንም ይጠራል። «የ6.3 ኮረንቲ ጥምጥም» ተብሎ የተጻፈለት ጠቃላይ ቁጥሩን እንደ አምፔር ቢወስደው የሽቦውን ውፍረት ይሳሳታል። ስለዚህ በትርጉም ውስጥ «የቮልት ልክ» እና «የአምፔር ልክ» ተለይተው ይጻፉ። «ቫልቭ» የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በጣሊያንኛ «ቫልቮላ» የሬዲዮውን ቫልቭም ፊውዙንም ይሰይማልና።

የቃላቱን ጥቅም በምሳሌ እንመልከት። ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤቢሲ80 እና ኢኤል84 የተባሉት ቫልቮች ያሉበት ሬዲዮ ለማሞቂያ ክሮቹ በ6.3 ቮልት በቅደም ተከተል 0.3፣ 0.2፣ 0.45 እና 0.76 አምፔር ይፈልጋል። ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ኢዜድ80 0.6 አምፔር ሲጨምር፣ የሁለት ትንንሽ አምፖሎች 0.6 አምፔርም ሲታከል ድምሩ 2.91 አምፔር ይሆናል። ከዚህ ሌላ መካከሉ ላይ መውጫ ያለው፣ በግራና በቀኝ 250 ቮልት የሚሰጥ ከፍተኛ ጥምጥም ያስፈልጋል።

እምብርቱ ከስስ ላሜራዎች የተደረደረ ነው። በ50 ዑደት መብራት፣ መጠነኛ ጥራት ላለው ብረት፣ 45ን በእምብርቱ የካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ማካፈል የአንድ ቮልት ዙሮችን ይሰጣል። ስፋቱ 9 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ በቮልት 5 ዙር ይደርሳል፤ ቀዳሚው ለ220 ቮልት 1,100 ዙር ይሆናል ማለት ነው። ለተከታዮቹ በሽቦው ውስጥ ለሚጠፋው 5 በመቶ ያህል ሲጨመር፣ የማሞቂያው 33፣ የከፍተኛው እያንዳንዱ ወገን 1,312 ዙር ያህል ይሆናል። በካሬ ሚሊሜትር 2.5 አምፔር ከተፈቀደ፣ ለማሞቂያው 1.2፣ ለቀዳሚው 0.35፣ ለከፍተኛው 0.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ይበቃል። መግለጫ የሌለው ጠቃላይ አሮጌውን ሲፈታ የማሞቂያውን ዙሮች ቢቆጥርና ለ6.3 ቢያካፍል፣ ጭማሪውን ቀንሶ የአንድ ቮልቱን ልክ ከዕቃው ራሱ ያገኛል።

ኢሉባቦር ዝናቡ የበዛ አገር በመሆኑ እርጥበት የጥምጥሙን መለያ ወረቀት ያበላሻል። በአካባቢው የሚገኘው የንብ ሰም ለመሸፈኛ አመቺ ቢመስልም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ሲሞቅ ለሚውል ትራንስፎርመር ቫርኒሽ ይመረጣል። እዚህ ላይ «ማስረግ» የሚለው ግስ ከ«መቀባት» ይሻላል፤ ቫርኒሹ በዙሮቹ መካከል መግባት አለበትና።

አዲሱ ከመገጠሙ በፊት አሮጌውን ያቃጠለው ምክንያት ይታወቅ። የቮልት መምረጫው በ127 ላይ ሳለ ከ220 ጋር ተገናኝቶ፣ ወይም የማጣሪያው ካፓሲተር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ የክር አምፖል ከቀዳሚው ጋር በተከታታይ ቢገናኝ፣ ደምቆ መብራቱና አለመደብዘዙ ጉድለት መኖሩን ያመለክታል። ሬዲዮው ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ገዳይ ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል «ጠፍቷል» እና «ባዶ ሆኗል» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ስፍራ መግባት የለባቸውም።

እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ መጋቢ ትራንስፎርመር፣ ቀዳሚና ተከታይ ጥምጥም፣ ዙር፣ እምብርት፣ የቮልት ልክ፣ የአምፔር ልክ የሚሉት በአንድነት ይመዝገቡ፤ በ«ጥቅለላ» ሥር የሠራተኛው አጠራር ይግባ፤ ለ«ኮረንቲ» ደግሞ ሦስቱ ፍቺዎቹ ተለያይተው ይሰጡ።