በሰፈር ሱቅ የሚሰረቅ የካርድ መረጃ

በአሜሪካ በሰፈር ሱቆችና በነዳጅ ማደያዎች የሚፈጸም አንድ የስርቆት ዓይነት ካርዱን ከባለቤቱ ቦርሳ አያወጣም። የሚወሰደው በካርዱ ጀርባ ባለው ጥቁር የማግኔት መስመር ላይ የተጻፈው መረጃ ብቻ ነው። መስመሩ የካርዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ጊዜ ሳይለወጥ ይዞ ስለሚኖር፣ አንድ ጊዜ ያነበበው ሰው በሌላ ካርድ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። በካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ያመነጫል፤ ያ ኮድ ቢቀዳ እንኳ ለሁለተኛ ግብይት አይሠራም። ካርድን ወይም ስልክን ማሽኑ ላይ አስጠግቶ መክፈልም በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ፣ መስመሩን ከማንሸራተት እጅግ ይሻላል።

መረጃውን የሚቀዳው መሣሪያ ስኪመር ይባላል። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚገጠመው ዓይነት የክፍያ ማሽኑን ፊት ቁርጥ አድርጎ የሚመስል ሽፋን ነው፤ የራሱ ቁልፎች ስላሉት የሚስጥር ቁጥሩንም አብሮ ይመዘግባል። አንደኛው ሌባ ከሻጩ ኋላ ካለው መደርደሪያ ዕቃ እንዲወርድለት ሲጠይቅ፣ ጓደኛው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሽፋኑን ይለጥፋል። በነዳጅ ፓምፕ ላይ ደግሞ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በፓምፑ ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ አይታይም። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው፣ ኤፍቢአይ፣ ይህ ስርቆት ባንኮችንና ደንበኞችን በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስከፍል ይገምታል።

ሒሳቡ ላይ የማያውቀውን ወጪ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠረጥረው በቅርቡ ካርዱን የተጠቀመበትን ሱቅ ነው። ይህ ጥርጣሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በቀላሉ ይስታል። የተቀዱ ቁጥሮች በጅምላ ተሸጠው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ ገንዘቡ የጠፋበት ቀን መረጃው የተሰረቀበትን ቀን አያሳይም። ስርቆቱም ሱቁ ውስጥ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከታርጌት መደብሮች የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃ የተወሰደው በኮምፒውተር መረብ ሾልኮ በገባ ፕሮግራም ነበር፤ በየመደብሩ ገንዘብ የሚቀበሉት ሠራተኞች ምንም አያውቁም ነበር።

ስርቆት የሚመስል ግን ስርቆት ያልሆነም አለ። ፓምፑ ላይ ካርዱን አስገብቶ የ20 ዶላር ነዳጅ የቀዳ ሰው ሒሳቡ ላይ 175 ዶላር ተይዞ ቢያይ ሊደነግጥ ይችላል። ይህ ማደያው ክፍያውን ለማረጋገጥ ለጊዜው ያስያዘው ገንዘብ ነው፤ ትክክለኛው ሒሳብ ሲወራረድ ይለቀቃል። እንዲሁም በባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም ሱቁ በር ላይ ከተጻፈው ስም ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ባለቤቱ ድርጅቱን ያስመዘገበበት ስም ሌላ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ደረሰኝን ማገላበጥ፣ በቤት ውስጥ ካርዱን የሚጠቀም ሌላ ሰው ካለም መጠየቅ ጠቃሚ ነው። በሌላ በኩል አንድና ሁለት ዶላር ብቻ የሆነ ያልታወቀ ክፍያ በቸልታ መታለፍ የለበትም። ሌቦች ካርዱ መሥራቱን የሚሞክሩት በትንሽ ገንዘብ ነው።

ጥርጣሬው ከጸና መጀመሪያ መደወል ወደ ባንኩ ነው፤ ያውም በካርዱ ጀርባ በተጻፈው ቁጥር። በዚያ ሰሞን ራሱ ደውሎ “ከባንኩ ነው የምንደውለው፤ በስልክዎ የደረሰውን ኮድ ይንገሩን” የሚል ሰው ሌባው ራሱ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው የማያስተማምን ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቅ ነውር የለውም። የተነገረውን በግማሽ ሰምቶ እሺ ማለት ግን ብዙ ሊያስከፍል ይችላል። ባንኩ ካርዱን ዘግቶ አዲስ ይልካል፤ ደንበኛው የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይራል፣ ያነጋገረውን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና የጉዳዩን መለያ ቁጥር ይመዘግባል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ካርዱ ዴቢት ወይስ ክሬዲት መሆኑ ነው። በክሬዲት ካርድ የሚጠፋው በቅድሚያ የባንኩ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው ሕግም የባለካርዱን ዕዳ ቢበዛ በ50 ዶላር ይገድባል። በዴቢት ካርድ ግን የሚወጣው የቤት ኪራዩና የአስቤዛው ገንዘብ ነው። ካርዱ ራሱ ከጠፋ፣ መጥፋቱ በታወቀ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ያሳወቀ ሰው ኃላፊነቱ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ካርዱ በእጁ እያለ ቁጥሩ ብቻ የተቀዳበት ሰው፣ የባንክ መግለጫው በተላከለት በ60 ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ምንም አይከፍልም። ሳያሳውቅ ከቀረ ግን ከ60 ቀናት በኋላ ለሚወሰደው ሕጉ ጣሪያ አላስቀመጠለትም። ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ምርመራውን መጨረስ አለበት፤ ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ በአብዛኛው ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ማስገባት ይኖርበታል። ጥያቄውን ውድቅ ካደረገም፣ የተመሠረተበትን ማስረጃ ቅጂ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

ሱቁን በሚመለከት ባንኩ ከደንበኛው የበለጠ ያያል። የብዙ ተበዳዮችን ካርዶች አስተያይቶ ሁሉም በአንድ ሰሞን የተገለገሉበትን ቦታ ነጥሎ ማውጣት ይችላል። ደንበኛው የሚጠረጥረውን ሱቅ ስም መንገር ያለበትም ለዚህ ነው። ሻጩን ሰው ፊት ሌባ ማለት ግን ተገቢ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በእነዚህ ሱቆችና ማደያዎች ሌሊቱን ሙሉ ከሚሠሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ማሽናቸው ላይ ስኪመር ሲለጠፍ እነሱም ተጠቂዎች ናቸው። ባለቤቱን ለብቻው አግኝቶ “ማሽንዎን ያስፈትሹ” ማለት ለሁሉም ይበጃል።

ባለሱቁም ነገሩን እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም። የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ ነጋዴዎች ማሽኖቻቸው አለመነካካታቸውን በየጊዜው እንዲፈትሹ ያዝዛል። በየፈረቃው መጀመሪያ የማሽኑን ጠርዝ ሳብ ማድረግ፣ የተከታታይ ቁጥሩን ከተመዘገበው ጋር ማስተያየትና መልኩን ቀድሞ ከተነሣ ፎቶ ጋር ማመሳከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስኪመር ከተገኘ በማሽኑ መጠቀም ወዲያው ይቆማል፤ አሻራ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይነካ ፖሊስ ይጠራል። የካሜራው ቅጂ በአዲስ ሳይተካ መቀመጥ አለበት፤ ክፍያውን የሚያስተናግደው ኩባንያም ይነገረዋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በኢቢቲ ካርድ የምግብ ድጎማ በሚያገኙ ቤተሰቦች ላይ ነው። አብዛኞቹ የኢቢቲ ካርዶች ቺፕ ሳይኖራቸው በማግኔት መስመር ብቻ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ዴቢት ካርድን የሚጠብቀው ሕግም ለእነሱ አይደርስም። ኮንግረስ የተሰረቀው ድጎማ በፌዴራል ገንዘብ እንዲተካ የፈቀደው እ.ኤ.አ. እስከ ዲሴምበር 20፣ 2024 ለተፈጸመ ስርቆት ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2025 ቺፕ ያላቸውን ካርዶች ማደል ጀምራለች፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን ገና ናቸው። ሌቦች ድጎማው የሚገባበትን ቀን ጠብቀው በዚያው ሌሊት ሒሳቡን ባዶ ስለሚያደርጉ፣ ከዚያ ቀን በፊት ባለው ምሽት የሚስጥር ቁጥሩን መቀየር፣ ክፍለ ግዛቱ በመተግበሪያ ካርዱን መቆለፍ የሚፈቅድ ከሆነም ከግዢ ሰዓት ውጭ ቆልፎ ማቆየት ለጊዜው ያለው መከላከያ ነው።