ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው፤ ስለ ፕራይመር አመራረጥ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

የፊት አጋጌጥ ብዙ ጊዜ ለጥናት የማይበቃ ተራ ነገር ተደርጎ ይቈጠራል። ሆኖም በከኒሳ ቀሴ እየተባለች በምትጠራው በነቀምቴ፥ እንዲሁም በጊምቢ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የጥር ሠርግ ሲደርስ ሙሽራዪቱና ሚዜዎቿ ስለ ቀሚሳቸው ከሚጨነቁት ባላነሰ ስለ ፊታቸው ይጨነቃሉ። በማለዳ ያማረው ሜካፕ በቀትር ይፈሳል፤ ወይም ፎቶግራፉ ሲወጣ ጠይሟ ልጅ አመድ የተነሰነሰባት መስላ ትገኛለች። የዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከላይኛው ቅብ ሥር ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ፕራይመር የሚባለው ቅባት ምን እንደ ሆነና ለየቆዳው ዐይነትና መልክ እንዴት እንደሚመረጥ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሀ) ፕራይመር ምንድን ነው?

ቤት ቀቢ ግድግዳውን በስቱኮ ሳያስተካክል ቀለም አያስነካውም። የፕራይመርም ሥራ ይኸንኑ ይመስላል፤ ፊት ከታጠበና ሎሽን ከተቀባ በኋላ፥ ከፋውንዴሽን በፊት በስሱ ተቀብቶ የቆዳውን ሸካራነት ያለሰልሳል፤ የላይኛውንም ቅብ ይዞ ያቈያል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ለጋ ቅቤን ፀጉርና ሰውነት መቀባት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ቅቤ ከመቶ 80 እጅ ያኽሉ ስብ ስለ ሆነ በቆዳው ላይ ሽፋን ሠርቶ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከለክላል። ከዛሬዎቹ ፕራይመሮች ብዙዎቹ የመሸፈኑን ሥራ የሚሠሩት ዳይሜቲኮን በሚባል የሲሊኮን ዐይነት ነው። ልዩነታቸው ቅቤ በሰውነት ሙቀት ቀልጦ የላይኛውን ቅብ ሲያንሸራትት፥ ዳይሜቲኮን ግን ስስና ልስልስ እንደ ሆነ ባለበት መቈየቱ ነው። ስለዚህ ቅቤ ለፀጉር ቢመሰገንም ከሜካፕ ሥር አይሆንም።

ለ) እንደ ቆዳው ዐይነት

ከመግዛት በፊት የገዛ ቆዳን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፥ ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ያኽል ቈይቶ፥ ፊትን በሶፍት ጫን ማድረግ ይበቃል። ሶፍቱ ከፊቱ ሁሉ ወዝ ከያዘ ቆዳው ወዛም ነው። ከግንባር፥ ከአፍንጫና ከአገጭ ብቻ ከያዘ ቅይጥ ነው። ምንም ሳይዝ ፊቱ ከተወጠረ ደግሞ ደረቅ ነው።

ለወዛም ቆዳ እንደ ሲሊካ ያለ ወዝ የሚመጥ ዱቄት የገባበትና የማያብለጨልጭ ፕራይመር ይስማማል። ለደረቅ ቆዳ ውሃን ስቦ የሚይዝ ግሊሰሪን ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ይመረጣል፤ ወዝ የሚመጠው ዐይነት ለደረቅ ቆዳ ቢቀባ አመዳምነቱን ያጐላዋል። ቅይጥ ቆዳ ያላት ሴት ሁለቱን በየቦታቸው ልትጠቀም ትችላለች። ቆዳዋ ቶሎ የሚቈጣ ከሆነ ሽቶ የሌለውን መርጣ፥ በክንዷ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀን ሞክራ ሳታይ ፊቷን ባትነካው ይሻላል።

ፕራይመሩና ፋውንዴሽኑም መስማማት አለባቸው። በውሃ የተሠራ ፋውንዴሽን ሲሊኮን በበዛበት ፕራይመር ላይ ሲቀባ አንዳንድ ጊዜ እየተጠቀለለ ይነሣል። በዕቃው ላይ ከተጻፉት ስሞች መጨረሻቸው እንደ ዳይሜቲኮን «ኮን» የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮንን ያመለክታሉ።

ሐ) እንደ ቆዳው መልክ

አማርኛችን ጥቁር፥ ጠይም፥ የቀይ ዳማ፥ ቀይ እያለ መልክን ይለያል። የመልክ ልዩነት በይበልጥ የሚመጣው ሜላኒን ከተባለው ማቅለሚያ ነው። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቍጥር በጥቁሩም በቀዩም ሰው ተቀራራቢ ሲሆን፥ የሚለያየው የሚሠሩት የሜላኒን መጠን፥ ዐይነትና ሥርጭት ነው። መልክ ስለ ወዝ አይናገርም፤ ጥቁር ሆኖ ደረቅ፥ ቀይ ሆኖ ወዛም የሆነ ቆዳ አለ። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 እ.ኤ.አ. የጀመረው፥ ኋላም ስድስት ክፍል ያለው መለኪያ ቢሆን የሚነግረን ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ነው።

መልክ የሚቈጠረው ፕራይመሩ ራሱ ቀለም ሲኖረው ነው። ፀሐይ ለመከላከል የሚገቡት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ ዱቄቶች ስለ ሆኑ በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ አመድማ ጥላ ሊተዉ ይችላሉ፤ በካሜራ ብልጭታ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ቅላትን ለመሸፈን የተሠራው አረንጓዴ ፕራይመርም ለጥቁር ፊት እምብዛም አይስማማም። የብጉር ጥቁር ምልክት ላለበት ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ብርቱካንማው ይሻላል። በማንኛውም ረገድ መሞከሪያው ቦታ የመንጋጋ ጠርዝ ሲሆን፥ መታየት ያለበትም በሱቁ መብራት ሳይሆን በደጅ ብርሃን ነው።

መ) ስለ አገሩ አየር

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሻምቡም ከዚያ ከፍ ይላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ቆዳን የሚጐዳው የፀሐይ ጨረር በ10 ከመቶ ያኽል ይጨምራል። ስለዚህ ማድያት ያለባት ሴት በፕራይመሩ ውስጥ ባለው ጥቂት መከላከያ ሳትተማመን፥ አስቀድማ የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ይገባታል። በጥር ደረቅ አየር ውሃ የሚይዘው ፕራይመር ሲጠቅም፥ በክረምቱ እርጥበትና በደዴሳ ሸለቆ ሙቀት ግን ወዝ የሚመጠው ይመረጣል።

ሠ) ማሳሰቢያ

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ፊት የሚያቀላ ክሬምን በፕራይመር ፋንታ መቀባት ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ኩላሊትን የሚጐዳ ሜርኩሪ፥ አንዳንዶቹም ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉርም ያወጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከ1 ሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች መመረታቸው፥ ወደ አገር መግባታቸውና ወደ ውጭ መላካቸው እስከ 2020 እንዲቆም ወስኖ ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያሉ ክሬሞች ከዚያም በኋላ በየአገሩ ገበያ ተገኝተዋል። የሠሪው ስምና የተቀላቀለበት ነገር ዝርዝር ያልተጻፈበትን ክሬም አለመግዛት ቀላሉ ጥንቃቄ ነው።

ባጭሩ ፕራይመር የሚመረጠው በዋጋው ወይም በዕቃው ማማር አይደለም፤ ወዝን በሶፍት፥ መልክን በደጅ ብርሃን መርምሮ ነው። ጠይሟ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ጠይም ሆና እንድታምር የሚያደርግ ፕራይመር ሥራውን በሚገባ ሠርቷል እንላለን።