ካይዘን የሚለመደው ሥራው ቦታ ቆሞ በማየት ነው

ካይዘን በጃፓንኛ መሻሻል ማለት ነው። አገራችን የገባው በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች በተጀመረ ሙከራ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በካይዘን «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅን፣ ዛሬ በአዳራሽ ሥልጠና በቃሉ የያዘ ሠራተኛ ብዙ ነው። ሰኞ ሥራ ሲገባ ግን መጋዘኑ እንደነበረው ይጠብቀዋል።

የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሲያስተምር ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ይሥልና ሠልጣኙን እዚያ ውስጥ አቁሞት ይሄድ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ምን እንዳየ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ካላጠገበው እንደገና ያቆመው ነበር። እንዲታይ የሚፈለገው ብክነት ነው፤ ኦኖ በሰባት ከፍሎታል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ የማያስፈልግ ሥራ መጨመር፣ ክምችት፣ ከንቱ እንቅስቃሴና ብልሽት። ስማቸው በአንድ ከሰዓት ይጠናል፤ በገዛ ሥራ ውስጥ ለይቶ ለማየት ግን ዓይን መልመድ አለበት።

ጎልማሳ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። 20 ዓመት ጫማ የሰፋች ሴት፣ መቀስ ፍለጋ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ቆዳው ተቆርጦ እስኪደርሳት ምን ያህል እንደምትቀመጥ ከማንም በላይ ታውቃለች። አሠልጣኙ ይህን ጠይቆ ራሷ እንድትቆጥረው ካደረገ ትምህርቱ የእሷ ይሆናል። «ታባክናላችሁ» ብሎ ከጀመረ ግን አፏን ትዘጋለች፤ እውነት አላት። ፍርሃትም አለ፤ ሥራው በጥቂት ሰው የሚያልቅ ከሆነ እኔስ? ኃላፊው በማሻሻያው ምክንያት ማንም እንደማይባረር አስቀድሞ ካልተናገረና ቃሉን ካልጠበቀ፣ ሐሳብ የሚያዋጣ ሠራተኛ አያገኝም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ለፋብሪካዎቿ ያዘጋጀችው፣ በኋላም ጃፓን የወሰደችው የማሠልጠኛ ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው፦ ሠራተኛውን ማዘጋጀት፣ እያሳዩ ማስረዳት፣ ራሱ እንዲሞክር ማድረግ፣ መከታተል። እኛ ዘንድ የሚጎድለው አራተኛው ነው። የምስክር ወረቀት ከታደለ በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሥልጠና የምታዘጋጁ ኃላፊዎች ሆይ፣ በጀት ስትይዙ አሠልጣኙ ከወር በኋላ ተመልሶ ሥራው ቦታ የሚቆምበትን ቀንም ያዙለት።