በደጃፍ የቀረ ቡራኬ
ስለ ሕንድ ሂጅራዎችና ስለ ሕዝቡ አመለካከት የቀረበ ዳሰሳ

በሰሜን ሕንድ ከሚገኙት ከተሞች በአንዲቱ ወንድ ልጅ በተወለደ ሰሞን፣ የልደቱ ወሬ በማን በኩል እንደ ደረሳቸው ቤተ ሰቡ ሳያውቅ፣ ሳሪ የለበሱ፣ ዓይናቸውን የተኳሉ፣ ድምፃቸው ግን የጐረነነ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ዶላክ የሚባለውን ባለ ሁለት ፊት ከበሮ አንግበው ከደጃፉ ይደርሳሉ። ጣቶቻቸውን ዘርግተው መዳፍን ከመዳፍ እያላተሙ የሚያሰሙት ጭብጨባ የሌላውን ሰው ጭብጨባ ስለማይመስል፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን በመስኮት ሳያወጣ የመጣው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ሕፃኑንም ከእናቱ እቅፍ ተቀብለው እያወዛወዙ ዕድሜው እንዲረዝም፣ ዘሩም እንዲበዛ ይመርቁታል። ከዚያም ዋጋቸውን ይጠይቃሉ። ሩዝና ዱቄት፣ አዲስ ሳሪና ጥሬ ገንዘብ ይቀርብላቸዋል፤ የቀረበው ያነሰ እንደ ሆነ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ከከረረ ሳሪያችንን ገልበን ኀፍረታችንን እናሳያለን ብለው ያስፈራራሉ፤ በዚህ ጊዜ አያቲቱ ርግማናቸው በልጅ ልጇ ላይ እንዳይወድቅ ፈርታ ከቋጠረችው ፈትታ ትጨምርላቸዋለች። ሥርዓቱ ባድሃኢ ይባላል፤ ሰዎቹም ሂጅራ ይባላሉ። ምርቃቱ ተፈጽሞ ከበሮው ዝም ባለ ጊዜ ግን ግቡና ተቀመጡ የሚላቸው ሰው እምብዛም የለም።

ዘመናችን ትራንስጀንደር ብሎ ስለሚጠራቸው ሰዎች የሕንድ ሕዝብ ያለውን አመለካከት የመረመሩ ጸሐፊዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከጥንት ጀምሮ የከበሩ ናቸው ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተናቁ ናቸው ሲል ይገኛል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት የተናገሩ ሲሆኑ፣ የተሳሳቱት ክብሩና ንቀቱ በአንድ ስፍራ የሚገናኙ መስሏቸው ነው፤ ክብሩ የሚሰጠው በደጅ ነውና፣ ንቀቱ የሚጀምረውም የቤቱን መድረክ ከተሻገሩ በኋላ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እነዚህ ሰዎች በአማርኛ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚቸገረው በስም ነው። ጃንደረባ እንዳይል፣ ይህ ቃል በግብረ ሐዋርያት ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ የነበረውን የህንደኬን ባለሟል፣ በጠቅላላውም በቤተ መንግሥት የሚያገለግለውን ሹም የሚያሳስብ ነው። ስልብ ማለት በአካል ላይ የተደረገውን ነገር ብቻ ይናገራል፤ ፍናፍንት ማለት ከልደት በሁለት ጾታ መካከል ስለ ተገኘ አካል የሚነገር ነው፤ ወንዳገረድ የሚለውም ቃል በአፋችን ስድብ ሆኖ ከቀረ ቆይቷል። ከሐበሻ ምድር በባርነት ተሸጠው፣ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ተሰልበው፣ ባሕር ተሻግረው በሕንድ ነገሥታት ቤት ስላገለገሉት ሰዎች ታሪክ ብዙ ይናገራል፤ እንዲያውም ሐብሺ የተባሉት እነዚህ የወገኖቻችን ዘሮች ከ1487 እስከ 1493 የቤንጋልን ዙፋን እስከ መያዝ ደርሰው ነበር። ነገር ግን ያ ስልብ በጌታው ፈቃድ ለጌታው አገልግሎት የተሠራ ሰው ሲሆን፣ ሂጅራ የሚባለው ሰው በወንድ አካል ተወልዶ ኅሊናው ወንድ አይደለህም ስላለው በገዛ እግሩ ከሂጅራዎች ማኅበር የገባ ነው። ከእነርሱ መካከል ባሁቻራ ማታ ለተባለችው አምላክ ተስለው የሚሰለቡ አሉ፤ ሳይሰለቡ ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙም ብዙዎች ናቸው። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሁሉንም ስልብ በሚል አንድ ስም በመዝገብ ማስፈራቸው ምን እንዳስከተለ ወደ ታች እናያለን።

የሕንድ ሃይማኖት ድርሳናት በዚህ ነገር ሀብታሞች ናቸው። ሺቫ የተባለው አምላክ በቀኙ ወንድ፣ በግራው ሴት ሆኖ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። በማሃባራታ ታሪክ ኃያሉ ተዋጊ አርጁና የስደቱን የመጨረሻ ዓመት ብሪሃናላ ተብሎ፣ የሴት ልብስ ለብሶ፣ ለንጉሥ ልጅ ዘፈንና ጭፈራ እያስተማረ ተደብቆ ያሳልፋል። ሂጅራዎቹ ራሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚተርኩት ግን ስለ ራማ ነው፤ ይኸውም ራማ ወደ ስደት ሲሄድ የሸኘውን ሕዝብ ወንዶችም ሴቶችም ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ቢለው፣ ወንድም ሴትም ያልሆኑት ትእዛዙ እኛን አይመለከተንም ብለው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያው ስፍራ ሳይነቃነቁ ቢጠብቁት፣ በተመለሰ ጊዜ ስለ ታማኝነታቸው የመባረክን ሥልጣን ሰጣቸው ይላሉ። ይህን ታሪክ የሚናገሩት ከምሁራን ጋር ሊከራከሩበት አይደለም፤ በደጃፍ ቆመው ዋጋ ለመጠየቅ መብት የሚሆናቸው እርሱ ነው።

በደቡብ፣ በታሚል ናዱ፣ ኩቫጋም በምትባል መንደር የሚደረገው በዓል ግን ሰፋ አድርጎ ሊነገርለት የሚገባ ነው። በማሃባራታው ጦርነት ለድል መሥዋዕት ይሆን ዘንድ ራሱን የሰጠው የአርጁና ልጅ አራቫን ከመሞቴ በፊት ላግባ ብሎ ቢለምን፣ በማግሥቱ መበለት የምትሆንለት ሴት ስለ ጠፋች አምላኩ ክሪሽና የሴትን መልክ ለብሶ አገባው፤ ሲሞትም እንደ ሚስት አለቀሰለት ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ ቺቲራይ በተባለው ወር፣ ሚያዝያ ገደማ መሆኑ ነው፣ ከሀገሩ ከአራቱም ማዕዘን የሚሰበሰቡ ሂጅራዎችና በታሚል ምድር ቲሩናንጋይ የሚባሉት መሰሎቻቸው እንደ ሙሽራ አጊጠው ወደ መቅደሱ ይገባሉ፤ ካህኑም ታሊ የሚባለውን ቢጫ የጋብቻ ክር በአንገታቸው ያስርላቸዋል። ሌሊቱ የዘፈንና የጭፈራ ነው። በማግሥቱ የአራቫን ምስል በሠረገላ ወጥቶ ዞሮ በምሳሌ ከተሠዋ በኋላ፣ ያው ካህን ያሰረውን ክር ይበጥሰዋል፤ የመስተዋት አንባራቸው በእጃቸው ላይ ይሰበራል፤ ከራሳቸው አበባው ይነቀላል፤ ነጭ ሳሪ ለብሰውም ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። በአገራችን ልቅሶ የዋለ ሰው የአልቃሿ ሙሾ የራሱን ሟች እያስታወሰ እንደሚያስለቅሰው ያውቃል፤ እነዚህም የሚያለቅሱት ለአራቫን ብቻ እንዳይደለ መገመት አያስቸግርም። የገበሬው ሕዝብ ቆሞ ያያል፤ ስለቱንም ያገባል። በዓሉ ሲፈጸም መንደርተኛው ወደ እርሻው፣ እነርሱም በመጡበት አውቶቡስ ይመለሳሉ።

ከእንግሊዞች በፊት በማራታ ነገሥታት ዘመን አንዳንድ ሂጅራዎች ከእኛ ጉልት ጋር የሚመሳሰል መሬትና ከየቤቱ ጥቂት ሣንቲም የመሰብሰብ መብት በጽሑፍ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ይህም ልመና የሚመስለው ነገር በሕግ የታወቀ ገቢ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግሊዞች ይህን አስቀሩት። በ1852 በሰሜን ሕንድ በማይንፑሪ አውራጃ ቡራ የተባለች ሂጅራ ተገድላ በተገኘች ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ገዳይዋ መርምሮ ከመፍረድ አልፎ የነበረችበትን ማኅበር እንደ ወንጀለኛ ቡድን ይመለከተው ጀመር። በ1860 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ377ኛው አንቀጽ ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ ነው ያለውን ግንኙነት ከለከለ፤ በ1871 የወጣው የወንጀለኛ ነገዶች ሕግም በሁለተኛው ክፍሉ ስልቦች ያላቸውን ከነንብረታቸው በመዝገብ እንዲጻፉ አዘዘ። የተመዘገበ ሰው የሴት ልብስና ጌጥ ለብሶ በአደባባይ ቢታይ፣ ወይም ቢዘፍንና ቢጨፍር እስከ ሁለት ዓመት ይታሰር ነበር፤ የሕፃን ሞግዚት መሆን፣ መናዘዝና ልጅ ማሳደግም ተከለከለ። የሕጉን ብልኀት ልብ ይሏል፤ በአንድ ጊዜ ልብሳቸውን፣ እንጀራቸውንና ወራሻቸውን ነካ፤ መዝገቡም የነበሩት አልቀው አዲስ እንዳይተካ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ሕጉ ከነጻነት በኋላ ቢሻርም፣ ፖሊሱ ሂጅራን ባየ ጊዜ ሌባ መጣ ብሎ የማሰብ ልማዱ አብሮ አልተሻረም።

በኋለኛው ዘመን ሕዝቡ ያለው ሐሳብ በግልጽ የታየው በምርጫ ሣጥን ነው። በ1998 ሻብናም ማውሲ በማድያ ፕራዴሽ ከሶሃግፑር ተመርጣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል ሆነች፤ ሌሎችም ተከተሏት። በዚያ ወራት ሲነገር የነበረው ቅስቀሳ አስቂኝም ጥልቅም ነው፤ ልጅ የላቸውም፣ አማች የላቸውም፣ ታዲያ ለማን ብለው ይሰርቃሉ የሚል ነበርና። መራጩ የመካንነታቸውን ነውር ገልብጦ የንጽሕና ምስክር አደረገው። የካትኒ ከተማ ሕዝብ ካምላ ጃንን ከንቲባ አድርጎ ቢመርጥ ግን፣ መዓርጉ ለሴት የተመደበ ነበረና፣ ፍርድ ቤቱ ወንድ ናት ሲል ምርጫውን ሠረዘው። በ2006 ደግሞ የፓትና ማዘጋጃ ቤት ግብር አልከፍል ያሉትን ነጋዴዎች እንዲያስከፍሉ ሂጅራዎችን ቀጠረ፤ ሥራቸውም በባለ ዕዳው ደጃፍ ቆመው እየዘፈኑ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ግብርህን ክፈል ማለት ነበር። ነጋዴው ኀፍረቱን ሲሸሽ ይከፍላል፤ እነርሱም ከገባው ገንዘብ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ የከፈለበት ዕውቀት አያቲቱን ያስፈራት ያው ጭብጨባ መሆኑን ሳስብ፣ መንግሥቱ ወደ እልፍኝ ሊያስገባቸው ሲችል በደጃፍ እንዲቆሙ መረጠ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

ስሙም ሲለዋወጥ ኖሯል። በታሚል ናዱ የካሩናኒዲ መንግሥት የተከበረች ሴት የሚል መንፈስ ያለውን ቲሩናንጋይ የሚለውን ቃል ቀድሞ በነበረው የስድብ ቃል ምትክ በሕዝብ ዘንድ እንዲለመድ አደረገ፤ በ2008ም ለእነርሱ ጉዳይ ልዩ ቦርድ አቋቋመ። የ2011 የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ዐምድ ቢከፍት 487,803 ሰው ተቈጠረበት፤ ከቤተ ሰቡ የተደበቀ ሰው ለቈጣሪ አይናገርምና፣ ይህ ከእውነተኛው ቍጥር ያነሰ እንደሚሆን ብዙዎች ያምናሉ። ሚያዝያ 15 ቀን 2014 ዳኛ ራዳክሪሽናንና ዳኛ ሲክሪ የተቀመጡበት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት፣ ሰው ጾታዊ ማንነቱን ራሱ የሚያውቀው እንጂ ሐኪም ቈርጦ የሚሰጠው አይደለም ብሎ፣ ሦስተኛ ጾታም በሕግ እንዲታወቅ፣ በትምህርትና በሥራም ድርሻ እንዲመደብ ፈረደ። በ2018 የ377ኛው አንቀጽ ኃይል በአብዛኛው ተነሣ። በ2019 የወጣው ሕግ ግን የማንነት ወረቀቱን ከአውራጃው ሹም አመልክተው እንዲወስዱ ማዘዙ፣ ይልቁንም በእነርሱ ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ በደል ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ብቻ መቅጣቱ፣ ስለ እነርሱ ወጣ የተባለውን ሕግ እነርሱ ራሳቸው በአደባባይ እንዲቃወሙት አድርጓቸዋል፤ ለሴት የተደነገገው ቅጣት ከዐሥር ዓመት የሚጀምር ነውና።

ጎረቤት አገሮችንም ባጭሩ እንመልከት። በኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሕንድ ቀድሞ በ2007 ሦስተኛ ጾታ በሕግ እንዲታወቅ ፈረደ። በባንግላዴሽ መንግሥቱ በ2013 ሂጅራን በጾታነት ካወቀ በኋላ፣ ለመንግሥት ሥራ የተመረጡትን ሂጅራዎች ሐኪም መርምሮ ወንዶች ናቸው ስላለ ሥራው ቀረባቸው። በፓኪስታን በ2018 የወጣውን ሰፊ ሕግ የሸሪዓው ፍርድ ቤት በ2023 ከፊሉን ከእስልምና ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል፤ እዚያም ቢሆን ኽዋጃ ሲራ የሚለው የጥንቱ የቤተ መንግሥት መዓርግ እንደ ክብር ስም ተመልሶ መጥቷል።

ወደ ቤቱ ነገር ስንመለስ፣ ሂጅራ የሚሆነው ልጅ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአባቱ ቤት በመባረር ነው። የሚቀበለው የሂጅራዎች ቤት ሥርዓቱ ከገዳም ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እመ ምኔትን የምትመስል ጉሩ አለች፤ በሥሯም ቼላ የተባሉ ረድኦች ያድራሉ፤ ያገኙትን ለእርሷ ያስረክባሉ፤ እርሷም ታበላለች፣ ትቀጣለች፣ ዕዳ ትከፍላለች፣ ስትሞትም ከእነርሱ አንዷ ትወርሳለች። የጉሩዋ እኅት አክስት፣ የጉሩዋ ጉሩ አያት ተብላ ትጠራለች። በዚህ ቤት ብዝበዛም አለ፤ ሽማግሌዎቹ በወጣቶቹ ድካም ይኖራሉ የሚለውን ወቀሳ ወጣቶቹ ራሳቸው ይናገሩታል። ሌላ ግን ጣሪያ የላቸውም።

በ2017 በኬራላ የኮቺ ሜትሮ ባቡር ከሃያ የሚበልጡ ትራንስጀንደር ሠራተኞችን በቲኬት መሸጫና በጽዳት ሥራ ሲቀጥር፣ በሕንድ ከዚያ በፊት ያልተደረገ ነገር ነውና ጋዜጣው ሁሉ አመሰገነ። ብዙ ሳይቆይ ስምንቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ያስለቀቃቸው ተሳፋሪው ሰድቧቸው፣ ወይም አለቃው በድሏቸው አይደለም፤ በከተማይቱ ቤት የሚያከራያቸው በማጣታቸው ነው። አንዳንዱ አከራይ ፊት ለፊት አይሆንም አለ፤ አንዳንዱም በደመወዛቸው የማይቻል ኪራይ ጠየቀ። በኅዳር ወር 2020 የሕንድ መንግሥት ጋሪማ ግሬህ፣ ማለት የክብር ቤት፣ ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያውን መጠለያ በጉጃራት በቫዶዳራ ከተማ ከፈተ። የባሁቻራ ማታ መቅደስ ያለው በዚሁ በጉጃራት ነው፤ ሂጅራዎቹ ወደዚያ ሲሄዱ ከመቅደሱ ቅጥር ቆመው የተሳላሚውን ልጅ ይመርቃሉ፤ በቫዶዳራው ቤት ግን አልጋና ምግብ፣ የእጅ ሥራ ትምህርትና ከውስጥ የሚቈለፍ በር አለ።