ምጣዱን የሚያግለው፣ ስፒናውን የሚያቀልጠው

የአንድን ሽቦ ሬዚስታንስ የሚወስኑት የተሠራበት ቁስ፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና ሙቀቱ ናቸው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱም እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር እጥፍ ሲሆን ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ኮረንቲው ይገኛል። በጥገና ሥራ ላይ ግን ከዚህ የማይተናነስ ጥቅም ያለው ሌላ ስሌት አለ፤ ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ወደ ሙቀት የሚለወጠውን ኃይል በዋት ይሰጣል።

በብረታ ብረት ውስጥ ኮረንቲ የሚሸከሙት ከአተሞቻቸው የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች ናቸው። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በሚርገበገቡት አተሞችና በባዕድ አተሞች እየተደናቀፉ ስለሚሄዱ ጉልበታቸውን በሙቀት መልክ ይተዋሉ። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብር ሽቦ 0.016 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። መዳብ 0.017፣ ወርቅ 0.024፣ አሉሚኒየም 0.028፣ ብረት ደግሞ 0.1 ገደማ ነው። ወርቅ በመገናኛ ጫፎች ላይ የሚለበጠው ስለማይዝግ ነው፤ በማስተላለፍ መዳብ ይበልጠዋል። አሉሚኒየም በመዳብ ቢበለጥም ክብደቱ ከሲሶው ስለማይበልጥ፣ በምሰሶ ላይ የሚዘረጋው የከፍተኛ ኃይል መስመር በአብዛኛው ከእርሱ ይሠራል፤ ጥንካሬ እንዲኖረውም መሐሉ ላይ የብረት ገመድ ይገባበታል።

ሙቀት ሲፈለግ ምርጫው ይገለበጣል። ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው የሚሠራው ኒክሮም ሬዚስታንሱ ከመዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ሲግል በላዩ ላይ የሚፈጠረው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን የውስጡን እንዳይቃጠል ይጠብቀዋል። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት ካገኘበት ወዲህ የምድጃውም የካውያውም ሽቦ እርሱ ሆኗል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድም ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የሚቀበርለት ይኸው ጥምዝ ሽቦ ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ ሽቦው በቴስተር ሲለካ 14 ኦም አካባቢ ያሳያል።

ይህ ሽቦ ሲበጠስ የተለመደው ጥገና የተቃጠለውን ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች አጠማዞ መቀጠል ነው። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ተቆርጦ ቢወጣ ሬዚስታንሱ ወደ 12.5 ኦም ይወርዳል፣ ኮረንቲው ወደ 17.7 አምፔር ይወጣል፣ ምጣዱም 3,900 ዋት ገደማ ይስባል። ባለቤቱ ምጣዱ ቶሎ መጋሉን አይቶ ሊደሰት ይችላል። ሽቦው ግን ከታሰበለት በላይ ይግላል፤ ኦክሳይድ በለበሱ ጫፎች የተጠማዘዘው መቀጠያም ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይበጠሳል። ሙሉውን ሽቦ መቀየር ወጪው ይበዛል እንጂ ሁነኛው መፍትሔ እርሱ ነው።

ከምጣዱ የባሰው ችግር የሚገኘው ስፒናው ላይ ነው። ከብሬከር እስከ ሶኬት 20 ሜትር የሚሄድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.3 ኦም ገደማ ይሆናል። 16 አምፔር ሲያልፍበት የሚባክነው 75 ዋት አካባቢ በ40 ሜትር ሽቦ ላይ ስለሚሰራጭ ሽቦው ለብ ከማለት አያልፍም። የስፒናው ብሎን ላልቶ 0.2 ኦም ብቻ ቢፈጠር ግን 51 ዋት ያህል ሙቀት ከጥፍር በማይሰፋ ቦታ ላይ ይከማቻል። ሊድ የሚያቀልጥ የብየዳ መሣሪያ ከዚህ ባነሰ ኃይል ይሠራል። ሙቀቱ መዳቡን ያጠቁረዋል፣ ጥቁረቱ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፣ ያም መልሶ ሙቀቱን ያብሰዋል። ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸታል፣ ይቀልጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚያየው የኮረንቲውን መጠን ብቻ ነውና፣ ኮረንቲው ደግሞ ከ16 አምፔር አላለፈም። የጠቆረ ስፒና ባለበት ቤት ትልቅ ብሬከር መግጠም አደጋውን ማባባስ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ተጠማዘው በናስትሮ የተጠቀለሉበት መጋጠሚያም ከዚሁ ጎራ ነው፤ አሉሚኒየም አየር ሲነካው የሚለብሰው ስስ ሽፋን ኮረንቲ አያሳልፍም፣ ርጥበት ሲጨመርበትም መጋጠሚያው ይበላል።

የሙቀት ጉዳይ ቴስተር የያዘን ሰው ሊያደናግር ይችላል። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ግን የተንግስተን ክሩ ከዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የቀዘቀዘ አምፖል ለክቶ ዋቱን ማስላት አይቻልም። ኒክሮም ሲግል የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ የምጣድ ልኬት ይታመናል።

ሸክላ ደርቆ ሳለ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ልባስ የሌለው ሽቦ ሊቀበርበት የቻለውም በዚህ ነው። ሲሰነጠቅ ግን ሊጥ ይገባበታል። የሊጡ ውሃ ኮምጣጣና ማዕድን ያለበት በመሆኑ ኮረንቲ ያስተላልፋል፣ ወደ ምጣዱ የብረት ቆርቆሮ መንገድ ይከፍታል። የኧርዝ ሽቦ ከሌለ ቆርቆሮውን በእርጥብ እጅ የነካ ሰው ይነዝረዋል፤ የረጠበ ቆዳ ሬዚስታንሱ ከደረቁ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ይህን ፍሳሽ ተራ ቴስተር ላያገኘው ይችላል፣ የሚለካው በጥቂት ቮልት ባትሪ ነውና። ሜገር የሚባለው መሣሪያ ግን 500 ቮልት ሰጥቶ ይፈትናል። በቤት ውስጥ መስመር ላይ ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ፍሳሹ ያለበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ኃይል አይለቀቅበትም። ምጣድ ሲፈተን ደግሞ መጀመሪያ ግሎ ርጥበቱ ከወጣ በኋላ ድጋሚ መለካት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የነበረው እርጥበት ብቻ ነው፣ ባለበት ከቀረ ግን ሸክላው ይለወጣል።