ከመብራት መስመር ርቆ በሚታደርበት ጊዜ የክትባት ማቀዝቀዣን ባትሪ ስለ መጠበቅ

የእንስሳት ክትባት መድኃኒት ወደ መስክ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ መርፌ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበት። ሙቀት ያበላሸው መድኃኒት በዓይን ሲያዩት ከደኅናው አይለይም። ገበሬው ፍየሎቼን አስከትቤአለሁ ብሎ ተማምኖ ሳለ በሽታው ይገባና መንጋው ያልቃል፤ ከዚያም ወዲያ ክትባት የሚባለውን ነገር አያምንም። ስለዚህ የክትባት ቡድን በቆላ አገር በድንኳን ሲያድር የባትሪው አያያዝ የቡድኑ ብቻ ሳይሆን የባለከብቱም ጉዳይ ነው።

የባትሪው ይዞታ

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው፤ ካስገቡበት በላይ አይሰጥም። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ 1200 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ነገር ግን ሊወጣ የሚገባው ግማሹ፣ ማለት 50 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። የቀረውን ግማሽ እንደ ዘር እህል ቍጠሩት። እርሱን ዘወትር የሚበላ ሰው ባትሪውን ዕድሜው ሳይደርስ ይገድለዋል። የሊትየም ባትሪ ግን እስከ 80 በመቶ ቢወጣለት አይጎዳም። የመኪና ሞተር ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ የተሠራ ስላልሆነ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ አታስይዙት፤ ያለዚያ በማለዳ መኪናው አልነሣ ይላል።

የቀኑ ወጪና ገቢ

መጭመቂያ ሞተር ያለው አነስተኛ የመስክ ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ጊዜ 4 አምፔር ያህል ይወስዳል እንበል። በሙቅ አገር ከቀኑ ግማሹን፣ ማለት 12 ሰዓት ቢሠራ፣ ወጪው 48 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ይህም ከላይ የተባለው ባትሪ ለአንድ ቀን ብቻ እንደሚበቃ ያሳያል።

የ200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ 5 ሰዓት ያህል ቢያገኝ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ተቀንሶ 700 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባትሪው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ጥቂት ስለሚጎድል 600 ያህል ይቀራል፤ ይኸውም 50 አምፔር ሰዓት ነው። ገቢና ወጪው ለጥቂት ተካከለ ማለት ነው። ሰማዩ በደመነ ቀን ግን ገቢው በጣም ስለሚቀንስ ዓይነቱና ዕድሜው አንድ የሆነ ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ያስፈልጋል።

ሊደረጉ የሚገባቸው

1ኛ፤ ማቀዝቀዣውን ከተማ ሳላችሁ በመብራት ኃይል አቀዝቅዛችሁ፣ ባትሪውንም ሞልታችሁ ተነሡ። ሙቅ ዕቃ ማቀዝቀዝ ብዙ ኃይል ይበላል።

2ኛ፤ ማቀዝቀዣው ከጥላ ሥር፣ ሰሌዳው ከፀሐይ ላይ ይቀመጥ። የሞተሩ አየር መውጫ አይታፈን። በሰሌዳው ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ቢያርፍ ገቢውን ብዙ ይቀንሳል፤ አቧራውንም በየማለዳው ጥረጉ።

3ኛ፤ ባዶውን ቦታ በቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ሙሉት፤ ሞተሩ ቢቆም ቅዝቃዜውን ያቆያል። የዕለቱን መድኃኒት በማለዳ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ በበረዶ ሣጥን ያዙ እንጂ ክዳኑን ደጋግማችሁ አትክፈቱ።

4ኛ፤ መለኪያውን 5 ዲግሪ ላይ አድርጉ። ብዙ ማቀዝቀዝ ኃይል ከማባከኑም በላይ እንደ አባ ጎርባ ያለው ክትባት በረዶ ከሆነ ይበላሻል።

5ኛ፤ ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። በቀጭንና ረጅም ሽቦ ላይ ቮልቱ ስለሚወርድ፣ ባትሪው ኃይል እያለው ማቀዝቀዣው ይቆማል።

6ኛ፤ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አኑሩት፤ እሳትና ሲጋራም አታቅርቡለት።

7ኛ፤ ስልክ ከዚህ ባትሪ አይሞላ። ዐሥር ስልክ ለመሙላት 120 ዋት ሰዓት ያህል ቢሄድ፣ ማቀዝቀዣው ለ5 ሰዓት የሚያስፈልገው ተወሰደ ማለት ነው። እንግዳ ተቀባዩ ባላገር ቢጠይቃችሁ ምክንያቱን በትሕትና አስረዱት።

ባትሪውን ስለ መመርመር

በማለዳ ፀሐይ ሳይወጣ ማቀዝቀዣውን ለግማሽ ሰዓት ነቅላችሁ ቮልቱን ለኩ። የአሲድ ባትሪ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ደርሷል። ከዚህ በታች ከሆነና ሰማዩም ከደመነ፣ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን አድርጋችሁ መብራት ወዳለበት ቦታ መላክ ይሻላል። በየጠዋቱና በየማታው የማቀዝቀዣውን ሙቀትና የባትሪውን ቮልት በመዝገብ ጻፉ።

የከብት ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውጇል። ይህ የሆነው በአብዛኛው በክትባት ነው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን ለማጥፋትም መንገዱ ይኸው ነው። እንግዲህ፣ ባለከብቶች ሆይ፣ መንጋችሁን ስታስከትቡ የማቀዝቀዣውን ሙቀት መለኪያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የልማት ሠራተኞችም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳትቈጥሩ በደስታ አሳዩ።